ሂንዱ ቤት ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? ከሞቱ ቀን እስከ ሙት ዓመቱ

ሂንዱ ቤት ለቅሶ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚደርስ ነው። ልብሱ፣ በእጁ የሚይዘው፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ እዚያ ቤት መብላት አለመብላቱ ሁሉ በቀኑ ይወሰናል። እኛ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያልን እንደምንቆጥረው እነሱም ይቆጥራሉ፤ ዋናው ሥርዓት ግን በመጀመሪያዎቹ 13 ቀናት ውስጥ ተጠናቅቆ ያልቃል። ቀኑን ያልለየ እንግዳ የሐዘን ገበታ ሳይደርስ ለመብላት ይቀመጣል፣ ወይም ቤተሰቡ ሐዘኑን ከዘጋ በኋላ እንደ አዲስ ሊያስለቅስ ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የሰሜን ሕንድ ልማድ ነው። የሕንድ ክፍለ ግዛቶቹ ጉጅራትና ታሚል ናዱ፣ እንዲሁም ጎረቤት አገር ኔፓል የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ ይጠቀሳል። ሂንዱነት እንደ አንድ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሥርዓተ ቅዳሴ የለውም፤ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ የተለያየ ያደርጋሉ። መመሪያውና ቤተሰቡ ካልተስማሙ የቤተሰቡን ይከተሉ።

ከመሄድዎ በፊት ይህን ይወቁ

ነፍስ፣ በእነሱ አጠራር አትማ፣ አትወለድም አትሞትም። ባጋቫድ ጊታ የተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው በምዕራፍ 2 ቁጥር 22 ላይ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ሁሉ ነፍስም ያረጀውን ሥጋ ትታ ሌላ ትይዛለች ይላል። ቀጣዩ ልደት በሥራ፣ ማለትም በካርማ ይወሰናል። ከዚህ መወለድና መሞት ጨርሶ መውጣት ሞክሻ ነው። ስዋርግና ናረክ የሚሏቸው ገነትና ሲኦል አሉ፤ ነገር ግን ነፍስ ዋጋዋን ተቀብላ የምታልፍባቸው እንጂ ለዘላለም የምትቀርባቸው አይደሉም።

ለለቅሶ ደራሽ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከሞት በኋላ ስላሉት ጥቂት ቀናት የሚታመነው ነው። ሟቹ ወዲያው አይሄድም። ፕሬት የሚባል ሥጋ የሌለው መንገደኛ ሆኖ በቤቱ አካባቢ ይቆያል። ለ10 ቀናት ከሩዝ ወይም ከገብስ ዱቄት ተድቦልቡሎ፣ ሰሊጥ ተጨምሮበት ፒንድ ይቀርብለታል፤ በእያንዳንዱ ቀን ፒንድ አንድ የአካል ክፍል እየተሠራለት ለጉዞ የሚሆን ረቂቅ ሥጋ ያገኛል። በ12ኛው ቀን አካባቢ የሟቹ ፒንድ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ፒንዶች ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ፕሬትነቱ ያበቃል፣ ከአባቶቹ ይቆጠራል። እንግዲህ በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ ማዘን ብቻ ሳይሆን ሟቹን መንገድ የማስጀመር ሥራ ላይ ነው። የእንግዳው ትልቁ ውለታ ይህን ሥራ አለማደናቀፍ ነው።

ከእምነቱ በቀጥታ የሚወጡ ክልክሎች አሉ። መቃብሩ የት እንደሆነ አይጠይቁ፤ አስከሬን ስለሚቃጠል ብዙውን ጊዜ የለም። ቀጥሎ ምን ሆኖ ይወለዳል ብለው አይጠይቁ፤ ለእርስዎ የእውቀት ጉዳይ ነው፣ ለእነሱ አባታቸው ነው። በተለይ ወጣት ወይም ሕፃን በሞተበት ቤት «ካርማው ነው» የሚል ቃል አያውጡ። ሂንዱ ለሂንዱ ቢለው እንኳ ከባድ ነው፤ ከውጭ ሰው አፍ ሲወጣ ፍርድ ይሆናል። ሚስትን ከሞተ ባሏ ጋር ስለማቃጠል፣ ማለትም ስለ ሳቲም አይጠየቅም፤ ቤንጋል ውስጥ በሕግ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ያጣሩ

ዋናውን ሐዘንተኛ አያስቸግሩ። ወንድም፣ የአጎት ልጅ ወይም የቅርብ የሥራ ባልደረባ ይፈልጉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አንቲም ሳንስካር (የማቃጠሉ ሥርዓት) መቼና የት ነው? የጸሎት ስብሰባው መቼ ነው? 13ኛው ቀን መቼ ይውላል?

አስከሬን ማቃጠል ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በብዙ ቦታም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈጸማል። ቫራናሲ ከተማ ወንዝ ዳር ያለው፣ ማኒካርኒካ ጋት የሚባለው ማቃጠያ ግን እሳቱ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። ልጅ ከውጭ አገር እስኪመጣ አስከሬኑ በማቀዝቀዣ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ሁሉም አይቃጠልም፦ ሕፃናትና ዓለምን የናቁ መነኮሳት (ሳንያሲ) ይቀበራሉ፣ በደቡብ ሕንድ በካርናታካ ብዙ የሆኑት፣ ሊንጋያት የሚባሉት የሺቫ አምላክ ተከታዮችም ሙታናቸውን ይቀብራሉ።

የጸሎት ስብሰባው በፑንጃቦች ዘንድ ቻውታ ይባላል፤ በአራተኛው ቀን አካባቢ የሚደረግ ነው። ጉጅራቶች ቤስኑ ይሉታል። በጋዜጣ ወይም በዋትሳፕ የሚላከው ማስታወቂያ «ከ4 እስከ 5» ካለ በትክክል ያቺን አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ሰዓቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከሰዓት በኋላ 4 የተባለው በእኛ 10 ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ወንበር ሲነሣ ያገኛል፤ እንደ እኛ ድንኳን ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም። በጉጅራት ማስታወቂያ ላይ «ላውኪክ ቭያቫሃር ባንድ» የሚል ከተጨመረ የተለመደው የሐዘን ስጦታ አይመጣብን ማለት ነው፤ ባዶ እጅዎን ይሂዱ።

2. ነጭ ይልበሱ

ጥቁር የሐዘን ቀለማቸው አይደለም። ነጭ ወይም ነጣ ያለ፣ ጌጥ የሌለበት፣ እግር አጣጥፈው መሬት ላይ የሚቀመጡበት ሰፊ ልብስ ይምረጡ። ሴቶች ጥለቱ ያልደመቀ ነጠላ ቢከናነቡ በጣም ያምራል፤ ቀይና ወርቅማ ጥለት ያለበት ግን ይቅር። ወርቅ፣ ደማቅ የከንፈር ቀለም፣ ሽቶ አያስፈልግም። ካልሲዎ የተቀደደ እንዳይሆን፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል።

አስከሬኑን ሲያዩ አይደናገጡ። ወንድ ብዙውን ጊዜ ነጭ ይገነዛል። ባሏ በሕይወት እያለ የሞተች ሴት ግን ቀይ ሳሪ ለብሳ፣ አምባር አጥልቃ፣ ፀጉሯ መሐል ላይ ሲንዱር የሚባለው ቀይ ዱቄት ተቀብታ እንደ ሙሽራ ትሸኛለች። አለባበሷን አይተው አስተያየት አይስጡ።

3. ከማቃጠሉ በፊት ከደረሱ

አስከሬኑ መሬት ላይ ይተኛል፤ በብዙ ቤት ራሱ ወደ ደቡብ ይሆናል፣ የሞት ጌታ ያማ አቅጣጫ ስለሆነ። ራስጌው መብራት ይበራል። አፉ ውስጥ የጋንጋ ወንዝ ውኃና የቱልሲ ቅጠል ይደረጋል፤ ቱልሲ የእኛ በሶብላ ዘመድ ናት። የእግር አውራ ጣቶች በክር ይታሰራሉ። እግሩ አጠገብ ቀርበው እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጋጥመው ራስዎን ዝቅ ያድርጉ። ከተሰጠዎ ጥቂት የአበባ ቅጠል እግሩ ሥር ያኑሩ። አበባውን አስቀድመው አያሽትቱት፤ የተሸተተ አበባ መባ አይሆንም። አስከሬኑን ለማቀፍ ወይም ለመሳም ቤተሰቡ ካልጠራዎ አይጠጉ፣ ታጥቧልና። ፎቶ አይነሣም።

ጩኸትን በተመለከተ ቤቱን አይተው ይሁኑ። ዘመድ የሚያፈሰውን እንባና ንፍጥ ሟቹ ሳይወድ ይቀበላል የሚል የቆየ ትምህርት ስላለ፣ ብዙ ቤተሰብ እንግዳ ደረት እየመታ ሲገባ ይጨነቃል። በታሚል መንደሮች ግን ኦፓሪ የሚባል የሙሾ ዜማ አለ፤ ሙሾ አውራጆችም ይጠራሉ። ሐዘንተኞቹ ከጮኹ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ እርስዎ ጀማሪ አይሁኑ።

ቃሬዛው ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ወንዶች ተራ በተራ ይሸከማሉ፤ ጥቂት እርምጃ ትከሻ መስጠት ለሟቹ ክብር ስለሆነ ከጋበዙዎ እሺ ይበሉ። በሰሜን «ራም ናም ሳትያ ሄ» (የአምላካችን የራም ስም እውነት ነው) እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ቃል ተምረው ሌላ ቀን በሰው ቤት እንዳይደግሙት፤ ሟርት ይሆናል። በልማዱ ሴቶች ወደ ማቃጠያው አይሄዱም ነበር፤ ዛሬ በከተማ ብዙዎች ይሄዳሉ። እሳት መለኮስ የበኩር ልጅ ድርሻ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪን እሳት የለኮሰችው ያሳደጓት ልጃቸው ናት። ሴት ልጅ ችቦ ይዛ ካዩ እንደ እንግዳ ነገር አይቁጠሩት።

ማቃጠያው ሥፍራ ላይ ዋናው ሐዘንተኛ ውኃ የተሞላ የሸክላ እንስራ ተሸክሞ የእንጨት ክምሩን የሚዞርበት ልማድ አለ። በየዙሩ እንስራው ይበሳል፤ በመጨረሻ ወደ ኋላው ጥሎ ሳይዞር ይሄዳል። ከጀርባው አይቁሙ። ክምሩ ከ300 እስከ 500 ኪሎ እንጨት ይፈጃል፤ ንጥር ቅቤና ካፉር ይጨመርበታል፣ አቅም ካለ የሰንደል እንጨት ስንጣሪ። ሰዓታት ስለሚወስድ እንግዳ እስከ መጨረሻው አይጠበቅበትም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያህል ነው። ሲመለሱ ወደ ኋላ አይታይም። ሌላ ሰው ቤት ጎራ ሳይሉ ቀጥታ ቤት ገብቶ ገላ መታጠብና ልብስ መቀየር ደንብ ነው።

4. በጸሎት ስብሰባው ላይ

አብዛኛው የውጭ ሰው የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ደግሞም ቀላሉ ነው። የሟቹ ፎቶ የአበባ ጉንጉን ተደርጎለት፣ ሰንደል እየጨሰ ከፊት ይቀመጣል። ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፤ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚቀመጡበት ቤት አለ። አገባብዎ እንዲህ ይሁን፦ ጫማ አውልቀው ይግቡ፤ ከትሪው ላይ በቀኝ እጅዎ ጥቂት አበባ አንሥተው ፎቶው ሥር ያኑሩ፤ እጅዎን አጋጥመው አንዴ ዝቅ ይበሉ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጡ። እግርዎን ወደ ፎቶው አይዘርጉ። ባጃን የሚባለው መዝሙር ወይም ጋሩዳ ፑራና የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ ንባብ ከተጀመረ እስኪያልቅ አይነጋገሩ። መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ በር አካባቢ ተሰልፎ ይቆማል፤ በፊታቸው ሲያልፉ እጅ አጋጥሞ ራስ ዝቅ ማድረግ በቂ ነው። መናገር ግዴታ አይደለም፣ ብዙው ሰው ዝም ብሎ ያልፋል።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። አንገት ለአንገት ተቃቅፎ ማልቀስ ስለለመደ ዝምታው ፍቅር ያነሰው ይመስለዋል። አይደለም። በተለይ ኔፓል ውስጥ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ልጅ ለ13 ቀናት ለብቻው ይቀመጣል፣ ጨው የሌለበት ምግብ ራሱ አብስሎ ይበላል፣ ሰውም አይነካውም። ሊያጽናናው ብሎ ያቀፈው ሰው እንደገና እንዲታጠብ ያደርገዋል። ሕንድ ውስጥም ራሱን የተላጨና ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንድ ካዩ ቀድመው እጅ አይዘርጉ።

ባሏ የሞተባት ሴት አምባር ሲሰበርና ሲንዱሯ ሲጠረግ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ልማድ ሕንዶቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ነው፤ በማሃራሽትራ ያለች ሄርዋድ የተባለች መንደር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 እንዲቀር ወስኗል። ክርክሩ ግን የለቅሶ ደራሽ አይደለም።

ሲወጡ «ደህና ሁኑ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» አይባልም። ለሐዘን ቤት ተመልሶ መምጣት መመኘት ይሆናልና ዝም ብለው ይነሡ። አስተናጋጁም አይሸኝዎትም፤ አይቀየሙት።

5. ምን ይባላል፣ ምን ይጻፋል

አጭሩና የትም የማያሳፍረው «ኦም ሻንቲ» ነው፤ ሰላምን የሚለምን ቃል ነው። በሂንዲ ማለት ከፈለጉ «ኢሽዋር ኡንኪ አትማ ኮ ሻንቲ ዴ» (እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ሰላም ይስጥ) ይበሉ። ለቤተሰቡ «ባግዋን አፕኮ ሻክቲ ዴ» ይባላል፤ ከእኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ጋር አንድ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሉት ይገባል። «በትንሣኤ ያገናኘን» እና «በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን» ግን የእነሱን እምነት የሚገፉ ስለሆኑ ይቅሩ። ፈረንጆች የሚጽፉትን ባለ ሦስት ፊደል ምኅጻረ ቃልም (RIP፣ «በሰላም ይረፍ») አንዳንድ ሂንዱዎች አይወዱትም፤ ነፍስ መንገደኛ ናት እንጂ መቃብር ውስጥ አታርፍም ይላሉ።

ስም ሲጠሩ «ጂ» የሚለውን የአክብሮት ቃል ይጨምሩ፦ ሻርማ ጂ፣ የሰው አባት ከሆኑ ፒታ ጂ፣ እናት ማታ ጂ። «ማር ጋዬ» (ሞቱ) ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ጉዛር ጋዬ» (አለፉ) ይባላል።

መልእክት ሲጽፉ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ሻርማ ጂ፣ የአባትዎን ማለፍ ሰምቼ እጅግ አዘንኩ። ቢሮ ሲመጡ ሁላችንን በስማችን እየጠሩ ሰላም ይሉን ነበር። ነፍሳቸው ሰላምና መልካም መንገድ ታግኝ፤ ለእናትዎና ለቤተሰቡ ብርታት ይስጥልኝ። በእነዚህ ቀናት የቢሮውን ሥራ እኛ እንሸፍናለን፣ አያስቡ። ኦም ሻንቲ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሟቹን በእርግጥ የሚያስታውሱበት ነገር ይሁን፤ የማያውቁ ከሆነ ይተዉት። የመስቀል ወይም የሻማ ሥዕል ያለበት ካርድ አይላክም። የሟቹን ፎቶ ጉንጉን አድርገው ከለጠፉ አግባብ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ላይ ግን ጉንጉን ማንጠልጠል ሞት መመኘት ነው።

6. ምግብና ገንዘብ

ሐዘን ቤት እሳት የማይነድበት ልማድ አለ፤ ጎረቤትና ዘመድ ያቀርባል። ስለዚህ ምግብ መውሰድ መልካም ነው፣ ስህተትም የሚበዛው እዚሁ ነው። «የጾም ምግብ ነው» ብለው ሽሮና ምስር ወጥ ይዘው እንዳይሄዱ፤ በሐዘኑ ቀናት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ብቻ ሳይሆን ቀይና ነጭ ሽንኩርትም አይበላም፣ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ወጥ አይሆንም። ጥብቅ ቤተሰብ ከሆነ የውጭ ሰው ያበሰለውን ጨርሶ አይቀምስም። ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ይውሰዱ፦ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፖም፣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ። ወተትም ይሆናል። ጣፋጭ የደስታ ነው፤ አይወሰድም።

እርስዎ ግን ከ13ኛው ቀን በፊት ንፍሮና ቡና አይጠብቁ። ውኃ ከቀረበ ጠጥተው ይነሡ፤ 20 ደቂቃ በቂ ነው። በ13ኛው ቀን ቴራቪን የሚባል ግብዣ አለ፤ ከተጠሩ ሄደው ይብሉ፣ መቅረት ያስቀይማል።

ገንዘብ የሚሰጥበት ቤት ካለ ሙሉ ቁጥር ይሁን፦ 500 ወይም 1000 ሩፒ። 101 እና 501 የሠርግ ስጦታ ናቸው፤ ምርቃት የሆነችው አንዷ ሩፒ «ይጨመር፣ ይደገም» ማለት ስለሆነች ለሐዘን አትሆንም። እቅፍ አበባ ከመግዛት ማስታወቂያው ላይ ለተጠቀሰው ትምህርት ቤት ወይም የላም መጠለያ በሟቹ ስም መስጠት ይሻላል።

ሂንዱ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ

ዱባይ ወይም ሌላ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሂንዱ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ እህቶች፣ በዚያ ሳምንት ሥራው ይለወጣል። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ቤቱ በሙሉ ይታጠባል። ከማቃጠያው ለሚመለሱት በር ላይ ውኃ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃና ንጹሕ ልብስ ይዘጋጅ፤ ሳይታጠቡ ወደ ኩሽና አይገቡም። በቤቱ ያለው የጸሎት ቦታ መጋረጃው ይዘጋል፤ በሱታክ፣ ማለትም ቤቱ እንዳልነጻ በሚቆጠርባቸው ቀናት፣ ማንም ካላዘዘ አትክፈቱት። ፎቶው ፊት ያለው የቅቤ መብራት እንዳይጠፋ ቅቤ በየጊዜው ይጨመር። ማጥፋት ካስፈለገም በአፍ እፍ አይባልም። ሥጋ ከማቀዝቀዣው ይውጣ። ለቁራ ወይም ለላም የሚቀመጥ ሩዝ ካያችሁ ተረፈ ምግብ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ለሟቹ የቀረበ ነው። ዱባይ ውስጥ ጀበል ዓሊ ላይ የሂንዱ ማቃጠያ አለ። አስከሬኑ ወደ ሕንድ የሚላክ ከሆነ ግን የቤተሰቡ ሰዎች የሕንድ ቆንስላ የይለፍ ወረቀትና የአስከሬን ማድረቂያ ምስክር ወረቀት ለማውጣት ቢያንስ ጥቂት ቀናት ይንከራተታሉ፤ የሟቹ ፓስፖርት የት እንዳለ ካወቃችሁ ቀድማችሁ አሳዩ።

ከ13ኛው ቀን በኋላ

አመዱና አጥንቱ ተለቅሞ በወንዝ ይለቀቃል፦ ሃሪድዋር፣ ቫራናሲ፣ ፕራያግራጅ ጋንጋ ላይ፣ ናሺክ ጎዳቫሪ ላይ። ቤተሰቡ ለዚህ ፈቃድ ሲጠይቅ እንደ ሽርሽር አይቁጠሩት። በሐዘኑ ዓመት የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ የዲዋሊና የሆሊ በዓላት አይከበሩም፤ ለሁሉም ባልደረባ በአንድ ጊዜ የሚልኩትን «መልካም ዲዋሊ» ለዚያ ቤት አይላኩ፣ ጣፋጭም አይወሰድም። ሠርግም ብዙውን ጊዜ ዓመት ይዘገያል።

ሙት ዓመቱ ሽራድ ይባላል፤ የሚቆጠረው በጨረቃ ቀን ስለሆነ በፈረንጁ ቀን ላይ አይውልም። ባለፈው ዓመት መስከረም 12 ነበር ብለው ዘንድሮም በዚያው ቀን ቢደውሉ ምናልባት አልፎ ወይም ገና ሆኖ ያገኙታል፤ ከአንድ ሳምንት በፊት አንዱን ዘመድ ይጠይቁ። ከዚህ ሌላ በእኛ መስከረም አካባቢ ፒትሩ ፓክሽ የሚባል የአባቶች መታሰቢያ ግማሽ ወር አለ። በእነዚያ ቀናት አዲስ ሥራ፣ ቤት ማስመረቅ፣ መኪና መግዛት ስለማይወደድ፣ ሂንዱ ሸሪክ ውል ለመፈረም ቢያንገራግር ጨረቃዋ እስክትታደስ ይጠብቁት።